ዜማም ፊደል አለው

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ መሐል ላይ የምንጽፋት ነገር አለች።

የዛሬው ንግግራችን ስለ መዝሙር ነው። ስለ አንድ ዘፋኝ አይደለም። ብዙ ሰዎች አብረው ቆመው ስለሚዘምሩት መዝሙር ነው። እንዲህ ያለውን የዘማሪዎች ስብስብ አንዳንዱ መዘምራን ይለዋል፤ ከተሜው ደግሞ ኳየር ይለዋል። ሁለቱም ያው ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

አንድ ጥያቄ ላንሣ። አንድ መዝሙር ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል። ያ ሰው ይሞታል። ታዲያ አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ በሌላ አገር፣ መዝሙሩን እንዴት አድርገው ይዘምሩታል? በጆሮ ሊተላለፍ ይችላል። ጆሮ ግን ይረሳል፤ ጆሮ ይለውጣል። ሌላው መንገድ መጻፍ ነው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዜማውንም መጻፍ ነው። «ዜማ ደግሞ እንዴት ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት «ንግግር እንዴት ይጻፋል?» ያላችሁበት ጊዜ ነበር እኮ።

በአገራችን ዜማ ሲጻፍ ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል። ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደ ኖረ የሚነገርለት ሊቅ ነው። የዜማው ስልት ሦስት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት የዜማ መጻሕፍት ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በቃሉ ራስ ላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት እንዳዘጋጁ ይነገራል። በብራና መጽሐፍ ላይ ከዋናው ጽሑፍ በላይ ጥቃቅን ፊደላትና ጭረቶች አይታችሁ ከሆነ እነሱ ናቸው። ባለ ዜማው ያን እያየ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ይስባል።

ነገር ግን ያ ምልክት ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው። ለማያውቅ ሰው ብቻውን ብዙ አይነግረውም። ስለዚህ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ በመምህሩ እግር ሥር ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ይህን ስል ትምህርቱን ማቃለሌ አይደለም። እንዲያውም ከባድ ትምህርት ነው። ግን ማሳ ያለው ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ያን ሁሉ ዓመት ከየት ያመጣሉ? ይህን ጥያቄ ልብ በሉት። በሌላም አገር ተጠይቋል።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ ጥቂት እንናገር። አብሮ መዘመር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉም አንድ ዜማ ይዘው የሚዘምሩት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው የተለያየ ዜማ በአንድ ጊዜ የሚዘመርበት ነው። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች ሲያዜሙ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። አንዱ ያወጣል። ሌሎቹ ከታች ይዘው ይቆያሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከላይ ይገባሉ። ድምፁ ይለያያል፣ ግን አይጣላም። ዶርዜዎች ይህን የሚማሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ በጆሮ ነው።

በአውሮፓም በብዙ ድምፅ መዘመር የቆየ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ድምፁ በአራት ይከፈላል። ከፍ ያለው የሴቶች ድምፅ ሶፕራኖ ነው። ዝቅ ያለው የሴቶች ድምፅ አልቶ ነው። ከፍ ያለው የወንዶች ድምፅ ቴነር፣ ወፍራሙ የወንዶች ድምፅ ባስ ይባላል። አራቱ አራት ዜማ ይዘው አብረው ይሄዳሉ። መዝሙሩ አጭር ከሆነ በጆሮ ይያዛል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ግን ማን በቃሉ ይይዘዋል? መጻፍ የግድ ነው።

ዜማ በጽሑፍ በሚገባ የሚነበብበትን መንገድ ካሳዩት አንዱ ጊዶ የተባለ መነኩሴ ነው። በ1020ዎቹ ገደማ በኢጣልያ አገር፣ በአሬትዞ ከተማ፣ ልጆችን ዜማ ያስተምር ነበረ። ልጆቹ መዝሙሩን ሁሉ በቃል ለመያዝ ዐሥር ዓመት ይፈጅባቸው ነበረ። ጊዶ በዚህ ተማረረ። ታዲያ አንድ የመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር ነበረ። እያንዳንዱ ስንኝ ከፊተኛው ስንኝ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ጊዶ የስድስቱን ስንኞች የመጀመሪያ ቀለም ወሰደ። ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ። እነዚህን ለስድስት የዜማ ደረጃዎች ስም አደረጋቸው። ዜማውንም በመስመር ላይ አሰፈረው። በዐሥር ዓመት የሚያልቀው ትምህርት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ይያዛል አለ። ኡት የተባለው ኋላ ዶ ተባለ። ሲ የተባለ ሰባተኛ ድምፅም ተጨመረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት አለፈ። በአምስት መስመር ላይ ነጥብ የሚሰቀልበት ኖታ ተስፋፋ። ታላላቅ ሥራዎች ተጻፉበት። ከእነዚህ አንዱ «መሲሕ» የሚባለው የሃንደል ሥራ ነው። ሃንደል በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረ ሙዚቀኛ ነው። ሥራውን በ1741 በ24 ቀን ጻፈው። መጀመሪያ የተዘመረው በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1742 ነው። ገቢው ለሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ዋለ። በዚያ ገንዘብ 142 ባለዕዳዎች ከእስር እንደ ወጡ ይነገራል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የዘመሩት እነማን ነበሩ? ከከተማይቱ ሁለት ካቴድራሎች የመጡ ሠላሳ ያህል ወንዶችና ልጆች ናቸው። ሥራቸው መዘመር ነው፤ ኖታ ያነባሉ። ጫማ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ገረዲቱ አልነበሩበትም። ኖታ ለእነሱ ሩቅ ነበረ። ለማተምም ውድ ነው። መስመሩና ነጥቡ የራሱ ልዩ የማተሚያ ፊደል ይፈልጋልና።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን መጣን።

በእንግሊዝ አገር፣ በኖርዊች ከተማ፣ ሳራ ግሎቨር የምትባል ሴት ነበረች። የቄስ ልጅ ናት። በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን መዝሙር ታስተምር ነበረ። ልጆቹ ኖታ እንዳስቸገራቸው አየች። «መስመሩና ነጥቡ ይቅርና የድምፁን ስም በፊደል ብንጽፈውስ?» ብላ አሰበች። ዶን በአንድ ፊደል፣ ሬን በአንድ ፊደል፣ ሁሉንም እንዲሁ አደረገች። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠማት። በእነሱ ፊደል ሶልና ሲ በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ሲን ቲ አለችው። ደረጃዎቹንም በትልቅ ሰሌዳ ላይ እንደ መሰላል ከታች ወደ ላይ ጻፈቻቸው። በዱላ እየጠቆመች ልጆቹን ታስዘምራቸው ጀመር። በ1835 ዘዴዋን በመጽሐፍ አወጣች።

ጆን ከርወን የሚባል ወጣት ሰባኪም ነበረ። በ1841 በሃል ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ተሰብስበው ሥራ ሰጡት። ሕዝብን መዝሙር ለማስተማር የሚቀለውን ዘዴ እንዲፈልግ ነው። የሚያስገርመው ከርወን ራሱ ኖታ ማንበብ አቅቶት የሚቸገር ሰው ነበረ። እኔ ግን በጎ ምርጫ ነው እላለሁ። የተቸገረ ሰው የችግሩን ቦታ ያውቃል። የሚስ ግሎቨርን መጽሐፍ አገኘና ራሱ ተማረበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ መዝሙር ብቻውን አንብቦ ማውጣት ቻለ። ከዚያ ዘዴዋን እየለዋወጠ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ማሳተምና ማስተማር ያዘ። ለውጡ ሚስ ግሎቨርን ሁሉን አላስደሰታትም። ነገር ግን ዘዴውን ወደ ሕዝብ ያወጣው እርሱ ነው። ስሙም ቶኒክ ሶልፋ ተባለ። እኛ በአጭሩ ሶልፋ እንበለው።

እስቲ እርሳሳችሁን አንሡ። ሶልፋን በእኛ ፊደል እንሞክረው። ይህን ጻፉ።

| ዶ ፡ ሬ | ሚ ፡ — |

| ሚ ፡ ሬ | ዶ ፡ — |

ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር ጠንካራ ምት እንደሚመጣ ይነግራል። እጃችሁን እያጨበጨባችሁ ብትቆጥሩ ጠንከር የምታደርጉት ምት እርሱ ነው። ሁለቱ ነጥብ ደግሞ ቀጥሎ ለስላሳ ምት እንደሚመጣ ይነግራል። የእኛ ሁለት ነጥብ በጥንቱ ጽሑፍ ቃልን ከቃል ይለያል፤ የእነሱ ሁለት ነጥብ ምትን ከምት ይለያል። ጭረቱ «ድምፁን ያዝ፣ አትልቀቅ» ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ የጻፋችሁት እንዲህ ይነበባል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብላችሁ ሚን ሁለት ምት ያዙ። ከዚያ ሚ፣ ሬ፣ ዶ ብላችሁ ውረዱና ዶን ሁለት ምት ያዙ። አነበባችሁ! ይህ ነው እንግዲህ።

«ዶን በየትኛው ድምፅ ልጀምር?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። በተመቸህ ድምፅ ጀምር። ሶልፋ ውስጥ ዶ የዜማው ቤት ነው። ቤቱን የትም ብትሠራው መሰላሉ አይለወጥም። ድምፀ ቀጭኗ እናት ከላይ ትጀምራለች፤ ድምፀ ወፍራሙ አባት ከታች ይጀምራል። ሁለቱም ያንኑ ዜማ ያነባሉ። አንድ ተራ ሠራተኛ በጥቂት ወር ምሽት ትምህርት የሚያነበው ለዚህ ነው። ደግሞም ርካሽ ነው። ጋዜጣ የሚያትም ማንኛውም ማተሚያ ቤት ሊያትመው ይችላል፤ ፊደልና ነጥብ ብቻ ነውና። ከርወን ማተሚያ ቤት አቋቋመ። «መሲሕ»ንም ጭምር ሠራተኛ ሊገዛው በሚችል ዋጋ በሶልፋ አወጣው።

ይህ ነገር ምን እንዳደረገ ለማየት ወደ ዌልስ እንሂድ። ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ያለች ተራራማ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ሸለቆዎቿ በድንጋይ ከሰል ጉድጓድና በብረት ማቅለጫ ተሞልተው ነበረ። ሰው ቀኑን ከመሬት በታች ይውላል። ማታ ታጥቦ ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሶልፋ መሰላል ተሰቅሏል። ሴቱም ወንዱም፣ ልጁም አዋቂውም፣ በአንድ ክፍል ይማራሉ። ብዙ ሳይቆይ ያ መንደር ሁሉ የሃንደልን ሥራ በአራት ድምፅ መዘመር ጀመረ።

በአበርዴር አካባቢ የተወለደ ግሪፍዝ ሪስ ጆንስ የሚባል ሰው ነበረ። ሙያው ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሕዝቡ ካራዶግ ይለዋል። ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ የተባለ ትልቅ የመስታወት አዳራሽ ነበረ። በ1859 በዚያ አዳራሽ የሃንደልን ሥራ ከ2,500 በላይ ሰዎች ዘምረውበታል። በ1872 በዚሁ አዳራሽ የመዘምራን ውድድር ተዘጋጀ። ካራዶግ ከደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ዘማሪዎችን ሰብስቦ ሄደ። አብዛኞቹ የከሰል ቆፋሪዎች፣ የብረት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በዚያ ዓመት ተወዳዳሪ ስላልቀረበ ዋንጫውን እንዲያው ወሰዱት። እንዲህ ያለ ድል አፍ ያስከፍታል፤ ሐሜት መጣ። በ1873 እንደገና ሄዱ። አሁን 460 ያህል ሆነዋል። ተጋጣሚያቸው ማን መሰላችሁ? የለንደን ሶልፋ ማኅበር መዘምራን ናቸው። ሶልፋ ከሶልፋ ተፋለመ። ዌልሶች አሸነፉ። በ1920 ለካራዶግ በአበርዴር ከተማ አደባባይ ሐውልት ቆመለት። መዘምራን የሚመራበትን በትር ይዞ ዛሬም ቆሟል።

ሶልፋ በመርከብ ተሳፍሮ ብዙ ባሕር ተሻገረ። ሚሲዮናውያን ማዳጋስካር፣ ጋና፣ ፊጂ ድረስ ይዘውት ሄዱ። እኛ ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ እንቁም፤ ታላቁ ነገር የሆነው እዚያ ነውና።

በ1850ዎቹ ሶልፋ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች መሰጠት ጀመረ። ከሁሉ የታወቀው ላቭዴል የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። የራሱ ማተሚያ ቤት ነበረው። በዚያ አካባቢ የኮሳ ሕዝብ ይኖራል። ኮሳዎች ከሚሲዮኖቹ በፊትም በብዙ ድምፅ ያዜሙ ነበረ። እንደ ዶርዜዎቻችን ማለት ነው። መምህራኑ መዝሙር ሲያስተምሯቸው ቶሎ የያዙት ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ የሆነባቸው አብሮ መዘመሩ ሳይሆን መጻፉ ነበረ።

ከእነሱ መካከል ጆን ኖክስ ቦክዌ የተባለ ሰው ተነሣ። በ1855 የተወለደ የላቭዴል ተማሪ ነው። ከእርሱ በፊት በ1821 የሞተ ንትሲካና የሚባል የኮሳ ሰባኪ ነበረ። ንትሲካና መጻፍ አያውቅም። መዝሙሮቹ በሕዝቡ አፍ ብቻ ነበር የቀሩት። ቦክዌ ከሽማግሌዎች ሰምቶ በሶልፋ ጻፋቸው። ንትሲካና ከሞተ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ባለቁ ነበር። በ1885 ደግሞ ቦክዌ የራሱን መዝሙሮች በአንድ መጽሐፍ አሳተመ።

ስለ ሶልፋ ሁሉንም መልካም ብናገር ሐሰት ይሆናል። አንድ ጉድለት ላንሣ። በኮሳና በዙሉ ቋንቋ የድምፅ ከፍታ ትርጉም አለው። አንድ ቃል ከፍ ብሎ ሲነገር አንድ ነገር፣ ዝቅ ብሎ ሲነገር ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በእኛ ቋንቋ ስናጠብቅና ስናላላ እንደሚለወጠው ነው። «አለ» ብላችሁ ጻፉ። «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? ላልቶ ሲነበብ አንዱ፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላው ነው። ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ታዲያ ሚሲዮናውያኑ የአውሮፓን ዜማ አምጥተው የኮሳ ቃል ሲያለብሱት፣ ቃሉ መውረድ ሲገባው ዜማው ይወጣል። ሰሚው ግራ ይገባዋል። ቦክዌና ከእርሱ በኋላ የተነሡት የዚያው አገር ሰዎች ይህን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ደግሞም ትምህርት ቤቶቹ ለጥቁር ተማሪዎች ሶልፋን ሲያስተምሩ ባለ አምስት መስመሩን ኖታ ብዙዎቹ አላስተማሯቸውም። ስለዚህ የመሣሪያ ሙዚቃ በር ለረጅም ዘመን ተዘግቶባቸው ቆየ። በቀላሉ የተከፈተው በር ወደ አንድ ክፍል ብቻ ያስገባ ነበረ ማለት ይቻላል።

መዘምራን ከአገራቸው ውጭም ሄደዋል። በ1891 የአፍሪካ መዘምራን የተባለ ቡድን ወደ ብሪታንያ ሄዶ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ሳይቀር ዘመረ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ሻርሎት ማንዬ የምትባል ወጣት መምህርት ናት። በ1894 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ገንዘብ አለቀበትና ክሊቭላንድ ከተማ ላይ ቀረ። የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደርሰውላቸው ሻርሎት እዚያው ኮሌጅ ገብታ ተመረቀች። ከአሜሪካ የጻፈችው ደብዳቤ በፕሪቶሪያ አንድ ቄስ እጅ ደረሰ። ቄሱ ማንጌና ሞኮኔ ናቸው። በ1892 ከነጮች ተለይተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቁመው ነበረ። ስሟን ምን አሏት? «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሏት። ስሙን ያገኙት «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በ1896 ተገናኙ። አንድ የመዘምራን ቡድን ገንዘብ ስላለቀበት ይህን ያህል ነገር መጣ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ ወደ ፈለግሁት ሰው ደረስን። ኤኖክ ሶንቶንጋ ይባላል። በ1873 ገደማ የተወለደ የኮሳ ሰው ነው። በላቭዴል ለመምህርነት ተማረ። ከዚያ በጆሐንስበርግ አጠገብ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራን መሪ ሆነ። ፎቶግራፍም ያነሣ ነበረ። ያ ዘመን የወርቅ ዘመን ነው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ጥቁር ሠራተኞች በወርቅ ጉድጓድ ያልቃሉ። ሶንቶንጋ ለተማሪዎቹ መዝሙር ይጽፋል። የሚጽፈው በተራ የተማሪ ደብተር ላይ ነው፤ ቃሉን በፊደል፣ ዜማውን በሶልፋ። በ1897 «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ» የተባለውን መዝሙር ጻፈ። ትርጉሙ «ጌታ ሆይ አፍሪካን ባርክ» ማለት ነው። መጀመሪያ የጻፈው አንድ ክፍልና አዝማቹን ብቻ ነበረ። በ1899 በአንድ ቄስ የሹመት በዓል ላይ በሕዝብ ፊት ተዘመረ።

ሶንቶንጋ ኤፕሪል 18 ቀን 1905 ሞተ። ዕድሜው 32 ዓመት ገደማ ነበረ። መዝሙሮቹን ሰብስቦ የማሳተም አሳብ ነበረው። አልደረሰለትም። ሚስቱ ዲያና ደብተሩን ይዛ ቀረች። የመዘምራን መሪዎች እየመጡ ከእርሷ ይዋሱ ነበር። በመጨረሻ ደብተሩ ራሱ ጠፋ። የመዝሙሩን መብት በስድስት ፔንስ ሸጠችው የሚሉም አሉ።

ይህችኛዋ መዝሙር ግን ተርፋለች። ለምን? የተዋሱት ሰዎች ሶልፋ ማንበብና መገልበጥ ያውቁ ነበረና ነው። ጆን ዱቤ የተባለ መምህር ኦህላንጌ የሚባል ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበረ። የትምህርት ቤቱ መዘምራን መዝሙሩን እየዞሩ ዘመሩት። ጃንዋሪ 8 ቀን 1912 በብሉምፎንቴን ከተማ የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ተሰብስበው ኮንግሬስ ሲያቋቁሙ ይኸው ተዘመረ። ዱቤም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዓመቱ፣ በ1913፣ የመሬት ሕግ የተባለ ወጣ። በዚያ ሕግ ለጥቁሮች የተተወላቸው ከአገሪቱ መሬት ሰባት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሩበን ካሉዛ የኦህላንጌ ሰው ነው። ስለዚያ ሕግ በዙሉ ቋንቋ መዝሙር ደረሰ። ሕዝቡ በሶልፋ እየገለበጠ ተማረው። ካሉዛ በ1930 ዘማሪዎቹን ይዞ ለንደን ሄዶ 150 ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። የሶንቶንጋን መዝሙር ግን ከእርሱ ቀድሞ ደራሲው ሶል ፕላትጂ በ1923 እዚያው ለንደን በሸክላ አስቀርጾት ነበር። በ1925 ኮንግሬሱ ስብሰባውን የሚዘጋበት መዝሙር አደረገው። ገጣሚው ምቃዪ ተጨማሪ ስንኞች ጽፎለት በ1927 ታተመ።

ከዚያ ወዲህ መዝሙሩ ድንበር ተሻገረ። በ1961 ታንጋኒካ ነፃ ስትወጣ ዜማውን በስዋሂሊ ቃል ብሔራዊ መዝሙር አደረገችው። በ1964 ዛምቢያ ዜማውን ወሰደች። በገዛ አገሩ ግን እስከ 1994 ድረስ የትግል መዝሙር እንጂ የመንግሥት መዝሙር አልነበረም። በ1997 ከቀድሞው የመንግሥት መዝሙር ጋር አንድ ላይ ተሰፋ። ዛሬ በአምስት ቋንቋ ይዘመራል። በአንድ ቃና ጀምሮ በሌላ ቃና ያልቃል። በሶልፋ ቋንቋ ስንናገር ዶ መሐል መንገድ ላይ ቤት ይለውጣል። ይህ በብሔራዊ መዝሙሮች ዘንድ ብዙ ያልተለመደ ነው።

ሰውየውስ? የሶንቶንጋ መቃብር የት እንዳለ ሳይታወቅ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ፈላጊዎች በጆሐንስበርግ የብራምፎንቴን መካነ መቃብርን መዝገብ ገለጡ። «ሶንቶንጋ» የሚል ስም የለም። ደግመው ፈለጉ፤ የለም። በመጨረሻ ነገሩ ተገኘ። በ1905 መዝገቡን የጻፈው ሰው ሙሉ ስሙን አልጻፈም። «ኤኖክ» ብሎ ብቻ ነበር የጻፈው። ብዙ አገር የሚዘምርለት ሰው በግማሽ ስም ተመዝግቦ ነበር የተኛው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ በዚያ ቦታ የተሠራለትን መታሰቢያ ገልጠው መረቁ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት የተማሩት ሰው ናቸው። በመታሰቢያው ላይ አሁን ሙሉ ስሙ ተጽፏል።

መሐል ላይ የጻፋችኋትን መስመር እንዳትጥሏት። በሚመጣው ሳምንት ፋንና ሶልን ጨምረን እናነባታለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።